ጋሽ ማርሽና የመጨረሻው ፌርማታ

ዘመድ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሰው ሲታመም የሚመጣና ኮምፒዩተር ሲታመም የሚመጣ። የመጀመሪያው ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄዷል። ሁለተኛው ግን፣ ክፉ አይንካውና፣ በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። ይህ ሰው ተጠርቶ አይመጣም፤ ሰምቶ ይመጣል። የማን ማሽን እንደተንቀራፈፈ፣ የማን ስክሪን ደርቆ እንደቀረ ከባለቤቱ ቀድሞ ያውቃል። በር ተከፍቶለት ገና «ደህና ዋላችሁ» ሳይል «ለመነሳት ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል?» ብሎ ይጠይቃል።

የዚህኛው ቤተሰብ ባለሙያ ክቡር ጋሽ ማርሽ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶብስ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። የወጡት ታዲያ ከመንገዱ ነው እንጂ ከመንዳቱ አይደለም። የእህታቸው ልጅ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር በሰጣቸው በወሩ፣ ይህ ዕቃ ጎማ የሌለው አውቶብስ መሆኑን ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ የሚያሳምናቸው አልተገኘም። ፕሮሰሰሩ ሞተር ነው። ራሙ ወንበር ነው፤ ወንበር ሲያንስ ሰው ይቆማል፣ ሰው ሲቆም መተላለፊያው ይዘጋል። ሃርድ ዲስኩ ዕቃ የሚጫንበት ፖርቶ መጋላ ነው። ኢንተርኔቱ አስፋልቱ ስለሆነ እሳቸውን አይመለከትም፤ ስለ ጉድጓዱ ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቁ። የሚያናድደው፣ ከተናገሩት አብዛኛው ልክ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ልክ ያልሆነው ቀሪውም ቀላል አይደለም። የፋርማሲስቱን ማሽን ሊያፈጥኑ ገብተው፣ «ትኬት ሳይቆርጥ የተሳፈረ» ያሉትን አንድ ፕሮግራም አስወረዱት። ለካ የማተሚያው ነበር። ፋርማሲስቱ ሳምንቱን ሙሉ የመድኃኒቱን መለያ በእጁ ሲጽፍ ከርሞ ጽሑፉ እንደ ሐኪም ጽሑፍ የማይነበብ ሆነ። የልብስ ሰፊዋ ደግሞ ይባስ። የሁለት መቶ ደንበኛ ወገብና ትከሻ ልኬት ከማሽኗ ውስጥ ብን ብሎ ጠፋ። ሴትየዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች አለቀሰች። ጋሽ ማርሽ ሳይደነግጡ ወደ ቤታቸው ሄደው ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሱና «ተገኝቷል፤ ተደብቆ ነበር» አሉ። ሰፈርተኛው ሁሉ «ሰውየው ዕድል አላቸው እንጂ ጉድ ፈልቶ ነበር» አለ።

ደግሞ አንድ ሥርዓት አላቸው። ምንም ነገር ከመንካታቸው በፊት በሩን ይዘጋሉ። ለግማሽ ሰዓት ንጉሥም ቢመጣ አይገባም። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ምን እንደሚሠሩ የሚያውቅ የለም። የእህታቸው ልጅ «እንቅልፋቸውን ይለጥጣሉ» ይላል። ሚስቱ «መመሪያ ያነባሉ፣ እንዳናይባቸው ነው» ትላለች።

የነገራችን ባለቤት እንግዲህ ይህች ሚስት ናት። ተርጓሚ ናት። ስምንት ዓመት ሙሉ የልብስ ማጠቢያ ማሽን መመሪያ፣ የመድኃኒት ማብራሪያ፣ የሻንጣ ዋስትና ስትተረጉም ኖራ አንድም ቀን ስሟ የትም ሰፍሮ አያውቅም። ዘንድሮ ግን መጽሐፍ አገኘች። ስለ ንብ እርባታ የተጻፈ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ፣ ሽፋኑ ላይ ስሟ የሚወጣበት። አምስት ወር ከንብ ጋር በልታ ከንብ ጋር ተኛች። ማተሚያ ቤቱ የሰጣት ቀን ዓርብ፣ አሥር ሰዓት ነበር። ካለፈ ተራዋ ለትምህርት ቤት መጻሕፍት ይሰጥና የእሷ ለከርሞ ይቆያል። ለከርሞ ማለት ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት።

ችግሩ ኮምፒዩተሩ ነው። ጠዋት አብርታው ገላዋን ትታጠባለች፣ አልጋ ታነጥፋለች፣ ቁርስ ትበላለች፤ ስትመለስ ያቺ ክብ ነገር አሁንም እየዞረች ትጠብቃታለች። አንድ ቀን «ንብ» ብላ ጽፋ ልብስ ልታሰጣ ወጣች። ስትመለስ «ን» ደርሳለች፤ «ብ» መንገድ ላይ ናት። ሥራዋን ሌላ ቦታ ልገልብጥ ባለች ቁጥርም ማሽኑ «አንድ ሰዓት ይቀራል» ይላታል። «እሺ ነገ» ትላለች። ነገ እያለች አምስት ወር ሆናት።

ባሏን በስንት ነገር አስምላዋለች፤ ለጋሽ ማርሽ ትንፍሽ እንዳይል። አልተነፈሰም። ሐሙስ ማታ ግን አጎቱ ደውለው «ያቺ መኪና እንዴት ናት?» ሲሉት መዋሸት አቃተውና «ትንሽ ዳገት ከብዷታል» አላቸው። ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ።

ጋሽ ማርሽ ያቺን ከሥራ ዘመናቸው የቀረች የቆዳ የትኬት ቦርሳ በትከሻቸው አንግተው፣ በደረት ኪሳቸው መፍቻና የቀለም ብሩሽ ሰክተው ቆመዋል።

«ስንት ደቂቃ ይፈጅባታል?»

«ጋሼ፣ ዛሬ እንኳን ይለፉኝ» አለች ተርጓሚዋ፣ በሩን በሰውነቷ ሞልታ። «አሥር ሰዓት ላይ መጽሐፉን አስረክባለሁ።»

«ምን ቀረሽ?»

«የአርባ ገጽ እርማት።»

«በዚህ ፍጥነት?»

በዚህ ፍጥነት ንቦቹ ራሳቸው ተሰብስበው ቢጽፉት ይቀድሟታል። ከበሩ ዞር አለችላቸው።

«የንቦቹን ፎልደር ግን እንዳይነኩብኝ፤ በሞቴ!»

«ንብሽን ማን ይነካል፣ ሊነድፈኝ?» ብለው ገብተው በሩን ዘጉ።

ግማሽ ሰዓቱ አለፈ። ሃምሳ ደቂቃ ሆነ። ባልና ሚስት ኮሪደሩ ላይ እንደ ማዋለጃ ክፍል ጠባቂ ተቀምጠዋል። መታገስ ሲያቅታት ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። ማንኮራፋት የለም። የሚሰማው የጋሽ ማርሽ ድምፅ ነው፤ «ሃምሳ አራት… ሃምሳ አምስት… ሃምሳ ስድስት»።

«ይቆጥራሉ» አለች ለባሏ።

«ምን?»

«እኔ ምን አውቄ!»

በሩ ሲከፈት ጋሽ ማርሽ እጅጌያቸውን ሰብስበው ነበር። የማሽኑን ሆድ ፈቱት። ከፋኑ ላይ በቀለም ብሩሹ ያራገፉት አቧራ ትራስ ይሞላ ነበር ቢባል ማጋነን ነው፤ ግማሽ ትራስ ግን ይሞላል። ሦስቱም አስነጠሱ። ቀጥለው ማሽኑ ሲነሳ አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች በዝርዝር አወጡ።

«እይ! ሃያ ሦስት ናቸው። ሞተር ሳይነሳ ተሳፍረው፣ ከፊት ወንበር ይዘው! አንተ ምንድን ነህ?»

«እሱ የአየር ሁኔታ ይናገራል» አለ ባል።

«መስኮት የለህም? ውረድ! አንተስ? ውረድ! አንተም ከኋላው የተደበቅከው፣ አይቼሃለሁ፣ ውረድ!»

በመጨረሻ ከትኬት ቦርሳው አንዲት የጣት ርዝመት ያላት ራም አውጥተው ቀጭ አድርገው ገጠሟት። «ሁለት ረድፍ ወንበር ጨመርኩላት። አስነሺያት።»

ተርጓሚዋ አስነሳችው፤ በልማዷም ወደ ማዕድ ቤት ልትሄድ ዞረች።

«ወዴት?» አሉ ጋሽ ማርሽ።

ዘወር ስትል ተነስቷል። በሠላሳ ስምንት ሰከንድ። የንቦቹን ፋይል ነካችው፤ ተከፈተ። ዘጋችው፤ ተዘጋ። እንደገና ከፈተችው፣ እንደገና ዘጋችው፣ እንደ ሕፃን እየሳቀች። «ንብ ንብ ንብ ንብ» ብላ ጻፈች፤ ንቦቹ ከጣቷ እኩል ስክሪኑን ወረሩት። ባሏ አንድ ፎልደር ከፍቶ በመዝጋት ብቻ ደስታውን መግለጽ ስላልቻለ ወንበሩን እያሽከረከረ እልል አለ። እሷ ተነስታ የጋሽ ማርሽን አቧራ የለበሰ ራስ ሳመች። ጋሽ ማርሽ «ገና ሁለተኛ ማርሽ ነው፤ አትቸኩሉ» አሉ፣ ጢማቸው ግን ይስቅ ነበር።

አርባውን ገጽ እየበረረች አረመችው። ሰባት ሰዓት ላይ አለቀ። ልትልከው ስትል ጋሽ ማርሽ እጃቸውን አነሱ።

«በባዶ ሆድ የታየ ነገር ስህተት አያጣም። ምሳሽን ብዪ፣ አንድ ጊዜ እዪውና ላኪው። ሦስት ሰዓት ሙሉ አለሽ። በሩን ዝጊልኝ ብቻ።»

«ደግሞ ምን ቀረ?»

«አንድ ማርሽ።»

ደስታ ሰውን ያሞኛል፤ በሩን ዘግታ ሄደች። ምሳ እየበሉ ከባሏ ጋር ስለ መጽሐፉ ሽፋን ተከራከሩ፤ ስሟ ከላይ ይሁን ከታች። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አፏን እየጠረገች ተመልሳ ገባች።

ስክሪኑ ላይ አይታው የማታውቀው ሰማያዊ ሰማይ ተዘርግቷል። መሐሉ ላይ «እንኳን ደህና መጡ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ ሰባት ዓመት ከጎኗ ያልተለየው ማሽን፣ ምን ቋንቋ እንደምትናገርና ስሟ ማን እንደሆነ ይጠይቃታል።

«ጋሼ» አለች በቀስታ። «ፋይሎቹስ?»

«ወረዱ።»

«የት ወረዱ?»

«‹ሁሉንም ላንሳው ወይ› አለኝ። የመጨረሻ ፌርማታ ላይ ማን ይቀራል? ሁሉም ይወርዳል፣ አውቶብሱ ይታጠባል፣ ከዚያ እንደ አዲስ ይነሳል። ‹አንሳ› አልኩት። አየሽ እንዴት እንደጠዳች?»

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አምስት ወሩ፣ አርባው ገጽ፣ ከላይ ይሁን ከታች ሲሉ የነበረው ስሟ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ታያት። «ንቦቼ» አለች፤ ሌላ ቃል አልመጣላትም። ባሏ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አጎቱ ላይ ጮኸ። «ምን አደረጉ፣ ጋሼ! ልጅቷን ገደሏት እኮ!»

ጋሽ ማርሽ ሁለቱን ተራ በተራ አዩ። ከልባቸው ግራ ተጋብተዋል።

«ማን ሞተ?» አሉ። ከዚያ ገባቸው። «አሃ! አይ፣ ልጆቼ! እኔን ማን አደረጋችሁኝ?»

የትኬት ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። ፍላሽ ፈሰሰ። አሥር ይሆናል፣ ከዚያም ይበልጣል፤ እያንዳንዱ ላይ አሮጌ የአውቶብስ ትኬት በክር ታስሯል፤ ትኬቱ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፏል። «ፋርማሲ»። «ልብስ ሰፊዋ፤ ልኬት»። «የእህቴ ልጅ፤ የሠርግ ፎቶ»። ከመካከላቸው አንዱን መዘው አወጡ። «ንብ» ይላል።

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ፣ ሃምሳ ስድስት ሥዕል» አሉ። «ሌላውም ፋይልሽ አብሮ አለ። ጠዋት ሃምሳ ደቂቃ የፈጀብኝ ይህን መገልበጡ ነው፤ መኪናሽ ዳገት ላይ ነበረች። እርማትሽን ስትጨርሺ እንደገና ገለበጥኩ። አሁን አራት ደቂቃ በቃኝ።»

ተርጓሚዋ ከወለሉ ሳትነሳ ቀና አለች። «ታዲያ በሩን ለምን ይዘጋሉ? ለምን አይነግሩንም?»

«ሹፌር ፍሬን ሲሞክር ተሳፋሪ ካየ ይፈራል።»

ፍላሹን ሰኩላት። ንቦቹ በየምዕራፋቸው ተሰልፈው እስኪመጡ ድረስ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ዓይናቸውን ከትኬቶቹ ላይ ሳያነሱ ተናገሩ።

«ሥራ በጀመርኩ በሰባተኛው ዓመት ነው። የመጨረሻ ፌርማታ ላይ አውቶብሱን ስጠርግ ወንበር ሥር የተጠቀለለ ወረቀት አገኘሁ። ቆሻሻ መስሎኝ ከቆሻሻው ጋር ጠረግሁት። በማግሥቱ አንዲት ልጅ መጣች። ለካ የመመረቂያ ጽሑፏ ነው፤ በእጇ የጻፈችው፣ ሌላ የሌላት። አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ‹ጋሼ፣ ምናልባት አይተውታል?› ብቻ ነው ያለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሳልቆጥር አላወርድም፣ ሳልፈትሽ አልጠርግም። እጄን አውቀዋለሁ፤ ይሳሳታል።»

ባል አንገቱን ደፋ። ለመጮሁ ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ጋሽ ማርሽ «ዝም በልና ውሃ ስጠኝ፤ የሚስትህ ማሽን አቧራ ጉሮሮዬን ዘግቶታል» አሉ።

መጽሐፉ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል በፊት ተላከ። በሁለተኛው ወር ታትሞ ወጣ፤ ስሟ ከላይ ነው። ከሽፋኑ ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ አንዲት መስመር ጨምራለች፤ «ሳይቆጥር ለማያወርደው ሹፌር»። አንድ ቅጂ ይዛ ጋሽ ማርሽ ቤት ሄደች። መነጽራቸውን አድርገው መስመሯን አንድ ጊዜ አነበቡ፣ ሁለተኛ አነበቡ፣ ሦስተኛ ጊዜ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ግን አንድ ብቻ ነው ያመጣሽልኝ? ቢጠፋስ?»

ተርጓሚዋ ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ ነበር። ሁለተኛውን ከቦርሳዋ አወጣች። ሦስተኛው እናቷ ቤት ነው።