ከጋሽ መላ ጋር በአንድ ቦይ ዳር

ችግር ሲመጣ ሰው ሁሉ ለሁለት ይከፈላል፤ ችግሩን ችሎ ቁጭ የሚል አለ፣ ያንን ቁጭ ያለ ሰው ቁጭ እንዳይል የሚያደርግ ደግሞ አለ። ሁለተኛው ዓይነት በየሱቅ መደዳው አንድ አንድ ተመድቧል። ማን እንደሚመድባቸው አላውቅም፤ ባውቅ ኖሮ አቤቱታ አስገባ ነበር። ለእኛ መደዳ የደረሱን ልብስ ሰፊው ናቸው። ትክክለኛ ስማቸው ከበራቸው በላይ ተጽፎ ነበር፣ ፀሐይ አጥፍቶታል። ሁላችንም ጋሽ መላ ነው የምንላቸው፤ ሰማይ ቢደፋ እንኳ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አስተካክለው "መላ አለው!" ከማለት አይመለሱም።

እኔ ከጎናቸው የጽሕፈት መሣሪያ እሸጣለሁ። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ አንድ የምታኮርፍ ፎቶ ኮፒ ማሽን። ጸጥታ እወዳለሁ። ሥራዬን የመረጥኩትም ዕቃው ስለማይናገር ነው።

ባለፈው ዓመት የቧንቧ ሠራተኞች መጡና ከሱቆቻችን ፊት ለፊት ያለውን መንገድ ቆፈሩት። "ሁለት ሳምንት ነው" አሉን። ቦዩ እስከ ደረት ይደርሳል፣ ዘልለው የሚሻገሩትም ዓይነት አይደለም። ሁለት ሳምንቱ ሰባተኛ ወሩን ያዘ። ደንበኛ ማዶ ቆሞ ሱቃችንን ያያል፣ ቦዩን ያያል፣ ጫማውን ያይና ይመለሳል። ከስምንቱ ሱቆች ሦስቱ ተዘጉ። እኔም ወንበሬን በር ላይ አውጥቼ፣ እጄን አጣጥፌ፣ የቆፈሩትን ሰዎች እስከ ዘር ማንዘራቸው እረግም ጀመር። ደህና ሥራ ነበር። ጋሽ መላ ይህንንም ነሱኝ።

"አንተ ልጅ!" አሉኝ አንድ ቀን ጠዋት። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። "ያ የጓዳህ በር ምን ይሠራልሃል?"

"ይዘጋልኛል፣ ጋሽዬ።"

"ከማን ነው የምትዘጋው? ሰው የት አለና? እስቲ ለሁለት ቀን አውሰኝ።"

የጓዳዬ በር ድልድይ ሆነ። ቦዩ ላይ ተጋደመና መንገደኛ ሁሉ ይረግጠው ጀመር። እጀታው ስላልተነቀለ በቀን ቢያንስ አንድ ሰው ያደናቅፋል፤ የተደናቀፈውም የሚሰድበው እኔን ነው፣ ምክንያቱም ጋሽ መላ "በሩን የሰጠን እሱ ነው!" እያሉ በጣታቸው ያሳዩኛል። በምትኩ ለጓዳዬ ከላይ እስከ ታች ዚፕ ያለው መጋረጃ ሰፉልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ እሽግ ወረቀት ለማውጣት ጓዳዬን እንደ ሱሪ እከፍታለሁ።

ድልድዩን የማይደፍሩ ደንበኞችም ነበሩ። ክቡር ልብስ ሰፊያችን ለእነሱም አሰቡ። የሜትራቸው ጫፍ ላይ ትልቅ የኮት ቁልፍ ያስሩና ወደ ማዶ ይወረውሩታል። ደንበኛው ራሱን ይለካል፣ ቁጥሩን ይናገራል፣ እሳቸው ተቀብለው ጮክ ብለው ይደግሙታል፣ እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። እንዴት ጸሐፊ እንደሆንኩ አትጠይቁኝ። "ጽሕፈትህ ያምራል" ተባልኩ፣ ብድግ አልኩ፣ በቃ። ደብተሩም የኔ፣ እስክሪብቶውም የኔ።

ጋሽ መላ ግን ቁጥር ቀስ ብሎ መድገም የሚባል ነገር አያውቁበትም። አንድ ቀን ማዶ ያለው የዳቦ ቤት ባለቤት፣ እትዬ የምንላቸው፣ ቀሚስ ሊያሰፉ ብቅ አሉ። ወገባቸውን ለኩና በለሆሳስ ተናገሩ።

"ስንት?" አሉ ጋሽ መላ።

እትዬ ግራና ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉ።

"መቶ አሥራ ሁለት!" ማዶ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞረ። "ጽፈሃል፣ አንተ ልጅ? ወገብ፣ መቶ አሥራ ሁለት!"

"ኧረ እግዜር ይይልዎት! ቀስ ብለው አይናገሩም?" አሉ እትዬ፣ ፊታቸው በርበሬ መስሎ።

"አያስቡ እትዬ፣ መላ አለው! ጥቁር እናደርገዋለን፣ ጥቁር ያቀጥናል!"

እትዬ ለአንድ ሳምንት የትናንት ዳቦ ብቻ ነው የሸጡልን። እኔም አብሬ ተቀጣሁ፤ ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝና። ከዚያ ወዲህ ሜትር ውርወራው ስሙ ጠፋ፣ ማንም ሊለካ የሚመጣ አልተገኘም።

ዝናቡ ገባ። ጋሽ መላ ከሰማያዊ ሸራ የጫማ መሸፈኛ ሰፉ፣ ሰዉም ተሻምቶ ገዛ፣ ይህን ልክድ አልችልም። የሚሰፋው እሳቸው ዘንድ ነው፣ የሚሸጠው ግን እኔ ዘንድ። "አንተ ጋ ቦታ አለ" ነው ምክንያቱ። ቦታ ያለው ደንበኛ ስለሌለ ነው ብዬ ባስረዳ ማን ሰምቶኝ። ከዚያ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ ያለው ፀጉር አስተካካይ ሊዘጋ ነው ተባለ። ጋሽ መላ ሰምተው ዝም ይላሉ? "ለምን ትዘጋለህ? ሦስታችን ለምን አብረን አንሠራም?" አሉት። ሦስታችን ሲሉ እኔን ጨምረው መሆኑን ያወቅሁት ፀጉር አስተካካዩ መስታወቱን ተሸክሞ ሱቄ ሲገባ ነው። በሳምንቱ አንድ አባት ለልጁ የገዛውን ደብተር ይዞ ተመለሰ። ከፍቶ አሳየኝ፣ ገጾቹ መሃል የሰው ሽበት ተኝቷል። ለውጬ ሰጠሁት።

ይህን ሁሉ ሳወራ ሰዎች "ታዲያ ሱቅህ አልተዘጋም እኮ!" ይሉኛል። አልተዘጋም። ከሁሉም በላይ የሚያበሳጨኝ እሱ ነው። ልክ የሆነን ሰው ሰባት ወር ሙሉ መቆጣት ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቅ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ዩኒፎርሙ ልምጣ። ጋሽ መላ በየዓመቱ ለአንድ ትምህርት ቤት የስልሳ ልጆች ዩኒፎርም ይሰፋሉ። እንጀራቸው እሱ ነው፤ ድልድዩም መሸፈኛውም እስከዚያ መድረሻ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ክር በመርፌ እየሰኩ እንደ ዋዛ ነገሩኝ። "ዘንድሮ ትምህርት ቤቱን ካጣሁ ማሽኖቹን ሸጬ ልጄ ቤት እገባለሁ። አልጋም አዘጋጅታልኛለች።" ሴት ልጃቸው ደግ ናት፣ አውቃታለሁ። ግን ጋሽ መላን የሚነካኩት ነገር በሌለበት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ላስባቸው ብሞክር አልሆነልኝም።

ሌላ ጊዜ በዕረፍቱ ወራት ወላጆች ልጆቻቸውን እያመጡ ያስለኩ ነበር። ያን ዓመት ግን ማን ልጁን በዚያ በር ላይ ያሻግር? ዳይሬክተሯ ደግሞ ቁርጥ ያለ ነገር ልከዋል፤ ትምህርት ሲከፈት ዩኒፎርሙ ካልደረሰ ሥራው ለሌላ ሰፊ ይሰጣል።

"መላ አለው!" አሉ ጋሽ መላ፣ የዓምናውን ደብተር ከመሳቢያ አወጡ። እሳቸው እያነበቡ እኔ እየጻፍኩ በእያንዳንዱ ልጅ ልክ ላይ ስምንት ጣት ጨመርን፤ አራቱ ላለፈው ዓመት፣ አራቱ ለሚመጣው። "ልጅ በዓመት አራት ጣት ያድጋል" አሉ በሙሉ ልብ። በአንድ ከሰዓት ስልሳ ልጅ አሳደግን።

ዩኒፎርሙ ተሰፍቶና ተተኩሶ አለቀ። ትምህርት ሊከፈት አምስት ቀን ሲቀረው ፀጉር አስተካካዩ ልጁን ይዟት መጣ፤ ከስልሳዎቹ አንዷ ናት። ቀሚሱን ለበሰች። እጆቿ ጠፉ፣ ጫፉ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ወረደ።

"አባዬ፣ የእማዬን ነው የሰጡኝ?" አለች።

ጋሽ መላ ቀሚሱን አዩ፣ የዓምናውን ደብተር አዩ፣ ቁጭ አሉ። ነገሩ ወዲያው ገባቸው፤ እኔን ግን ማስረዳት ነበረባቸው። ጋሽ መላ የልጅ ልክ ሲወስዱ እንዳለ አይጽፉትም። ልጁ ዓመቱን ሙሉ እንዲለብሰው ማደጊያውን እዚያው ጨምረው ነው የሚጽፉት። ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ጽፈዋል፣ እጃቸው ለምዶት አስበውትም አያውቁ። ስለዚህ ያለፈው ዓመት አራት ጣት ዓምና ደብተሩ ውስጥ ገብቷል። እኛ ያንኑ ዓመት ሁለት ጊዜ ጨመርነው።

"የገዛ ደብተሬን ማንበብ አቃተኝ" አሉ።

"መላ አለው" እስኪሉ ጠበቅሁ። ፀጉር አስተካካዩም ጠበቀ። ጋሽ መላ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውልቀው መጠቅለል ጀመሩ። ሰባት ወር ሙሉ ያቺ ቃል አንድ ቀን ከአፋቸው እንድትጠፋ ስመኝ ኖሬ፣ ስትጠፋ ፈላጊዋ እኔው ሆንኩ።

"ማጠፍ አይቻልም እንዴ፣ ጋሽዬ?" አልኩ።

"ይቻላል። ግን አንድ ሰው በአምስት ቀን ስልሳ አጥፎ አይጨርስም።"

"አንድ ሰው ነን እንዴ?" አልኩ። እንዲህ በማለቴ እስከ ዛሬ እጸጸታለሁ።

ወሬው ማዶ ደረሰ። እትዬ የራሳቸውን መርፌ ይዘው ድልድዩን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሻገሩ። "ወገቤን የሚያነሳ ሰው ካለ አሁኑኑ እመለሳለሁ" ብለው ተቀመጡ። ማንም አላነሳም። ጋሽ መላ ማሽን ላይ፣ እትዬ እጅጌ ላይ፣ ፀጉር አስተካካዩ ትኩስ ካውያ ላይ ሆኑ። ለኔ የቀሚስ ጫፍ አጥፎ መቀምቀም ደረሰኝ። መርፌ ይዤ አላውቅም ነበር። አሥራ አንድ ቀሚስ ቀመቀምኩ፤ ስፌቴ እንዴት እንደነበረ እኔም አይቼዋለሁ፣ ጊዜ ግን አልነበረንም። ጋሽ መላ ያላዩት ከማሽኑ ቀና ስላላሉ ብቻ ነው። እሳቸው አንድ ቁልፍ ዘምሞ ቢተከል ኮቱን ከደንበኛው ትከሻ ላይ የሚያወልቁ ሰው ናቸው።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሯ ራሳቸው መጡ። ልብሱ ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሯል። ከስልሳው መሃል እጃቸውን ሰደው የኔን ሥራ አወጡ።

"ይሄ ስፌት ሰክሯል እንዴ?"

ሴትዮዋ ቀሚሱን ገልብጠው ለጋሽ መላ አሳዩዋቸው። "እኔ እኮ ይሄን ቦይ ተሻግሬ የምመጣው ለእጅዎ ብዬ ነው። እንዲህ ከሆነማ ሌላም ሰፊ አለ።"

ጋሽ መላ ቀሚሱን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ስፌት ይበቃቸዋል። "ጎረቤት አግዞኝ ነው" ቢሉ አልዋሹም፣ ሥራውም በእጃቸው ይቀር ነበር። እኔም ልናገር አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ቀደሙኝ።

"የእኔ እጅ ነው" አሉ። "ዓይኔ ደክሞ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነገ ጠዋት ተስተካክሎ ይደርስዎታል።"

እትዬ መርፌያቸውን አስቀመጡ። ሠላሳ ዓመት በዚያ እጅ የኖረ ሰው፣ እንጀራው በክር ተንጠልጥሎ ባለበት ሰዓት፣ የኔን ጠማማ ስፌት "የእኔ ነው" አለ። ዳይሬክተሯ ሌሎቹን አንድ በአንድ አገላበጡ። በመጨረሻ "እስከ ነገ ጠዋት" አሉ። በር ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ "ሲደክምዎ ደግሞ ሰው ያግዝዎት እንጂ" ብለው ሄዱ።

ተነስቼ ወደ ማሽናቸው ሄድኩ።

"ለምን እኔ መሆኔን አልነገሯቸውም፣ ጋሽዬ?"

ጋሽ መላ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ።

"ብነግራቸው ሁለተኛ መርፌ ትይዝልኝ ነበር?"

"አልይዝም ነበር።"

"አየህ" አሉ፣ አሥራ አንዱንም ቀሚስ እጄ ላይ ጫኑብኝ። "ከርሞ ስልሳ አምስት ልጅ ነው የሚሆኑት አሉ። ቁጭ በልና ፍታ።"

ተናደድኩ። በጣም ተናደድኩ። ወንበሬን ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ የመጀመሪያውን ቀሚስ ጭኔ ላይ ዘረጋሁና፣ ፈትቼ ስጨርስ በየትኛው ክር እንደምቀመቅመው ጠየቅኋቸው።