የመምህሩ ቀጭን ልጅ

እኛ ሰዎች አንድ ክፉ አመል አለን፤ በገዛ ጓሯችን የበቀለ ነገር ይጠቅማል ብለን አናምንም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ለጎመንም ይሠራል። ጎመን ከጓሮ ከተቀጠፈ ጎመን ነው። በላስቲክ ታሽጎ፣ የወፍራም ሕፃን ሥዕል ተለጥፎበት ከሱቅ ቢመጣ ግን ተሰልፈን በገዛነው ነበር። በሰው ፈረደ እንዳትሉኝ፤ የማወራው ስለ ራሴ ነው።

እንጅባራ፣ ነባሮቹ ዛሬም ኮሶበር በሚሏት ከተማ፣ ሳይንስ አስተምራለሁ። ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ እያልኩ ምግብን በሦስት ከፍዬ ሰሌዳ ላይ ስሥል ለጉድ ነው። ቤቴ ግን ሁለት ዓመት ያለፋት ልጄ ምሕረት ከቀን ወደ ቀን ትከሳለች። ጸጉሯ ሳሳ። የሰፈሩ ልጆች ሲሯሯጡ እሷ እንደ ሽማግሌ ዳኛ ተቀምጣ ታያቸዋለች። ምን ታበሏት ነበር ብትሉኝ፣ የከተማ ልጅ ናትና ብስኩት በሻይ! ጓሯችን ጎመንና ካሮት ሞልቶታል፤ ዶሮዎችም አሉን። እንቁላሉ ግን ለእንግዳ ነው፤ ጎመኑ ደግሞ “የድኻ ምግብ”። ባለቤቴ ጥሩዬ “የሰው ዓይን ነው” ብላ ክታብ አመጣችላት። የሳይንስ መምህሩስ ምን አደረገ? ክሩን አንገቷ ላይ የቋጠርኩት እኔ ነኝ።

በሁዳዴ አንድ ጠዋት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትዞር እኛ ዘንድ ደረሰች። ደጊቱ ትባላለች፤ የዘንገና ገበሬ ልጅ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኋላ ወንበር ላይ እያንቀላፋች እኔው ነኝ ያስተማርኳት። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያላትን የክሳት መለኪያ የምሕረት ክንድ ላይ ጠመጠመችና ወደ እኔ አዞረችው። ቢጫው ላይ ነበር፤ ወደ ቀዩ የቀረው ጥቂት ነው።

“መምህር፣ ምን እያበሏት ነው?”

ነገርኳት። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

“እንቁላልስ?”

“ጾም አይደል እንዴ!” አለች ጥሩዬ ደንግጣ። “ድስቴን ምን ላድርገው?”

“እትዬ፣ ሕፃን ጾም የለባትም፤ የነፍስ አባትዎን ይጠይቁ። ድስቱ ከሆነ ያስቸገረዎት፣ ለእሷ ብቻ አንዲት ትንሽ ድስት ይለዩላት።”

ይህን ብላ ጓሮ ወጣች። ጎመን ቀጠፈች፤ ካሮት ነቀለች። ከገብስና ከባቄላ ዱቄት ለስላሳ ገንፎ አገነፋች፤ ጎመኑንና ካሮቱን ቀቅላ፣ አድቅቃ ጨመረችበት። እንቁላል ቀቀለች። “ትንሽ ትንሽ፣ ግን ቶሎ ቶሎ። በየሳምንቱ ደግሞ ጤና ጣቢያ ያምጧት፤ እንዳይዘገዩ” አለችኝ።

“ይህን ሁሉ የት ተማርሽው?” አልኳት።

“እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ” አለች፤ ሳትስቅ።

ለካ ያ ሁሉ ሥዕሌ የጎደለው ድስት ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት አታንሡብኝ። ምሕረት አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋች። ጥሩዬ በማንኪያ ጫፍ እየለመነች፣ እኔ እንደ ዶሮ እየጮኽኩ፣ እንደ ድመት እየተንፏቀቅሁ ስንት ቀን ዋልን! በሳምንቱ ግን ማንኪያውን ከእናቷ እጅ ነጥቃ ራሷ ያዘች። ከዚያ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ያለ ምንም ምክንያት፣ ከት ብላ ሳቀች።

እኔ የምግብን መንገድ ከአፍ እስከ አንጀት ለዓመታት አስተምሬያለሁ። ጎመን ሳቅ ሲሆን ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ገብሱ ጉንጭ ሆነ፤ እንቁላሉ ባት ሆነ፤ ከአፈር የወጣ ቅጠል በልጄ ዓይን ውስጥ በራ። ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ፣ አፌን ከፍቼ፣ ይህ ሁሉ በጓሮ በር መግባቱን አሰብኩ። ፈጣሪ ሲሠራ ድምፅም አያሰማም።

ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ጎረቤታችን ወይዘሮ የሺ ልጇን እየጎተተች፣ ፊቷ እንደ ሐምሌ ሰማይ ጠቁሮ መጣች።

“መምህር፣ ኧረ ልጅዎን ይቅጡልኝ! ልጄን አባርራ ይዛ፣ ነክሳ ድንቹን ቀማችው!”

“አባርራ?” አልኩ።

“አዎ! እስከ ደጄ ድረስ አባርራ!”

ጥሩዬን አየኋት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭናለች።

“ይቅርታ እህቴ፣ እቀጣታለሁ” አልኩ። አፌ ይቅርታ ይላል፤ ጥርሴ ግን አልከደን አለ።