አየር የበዛባት መኪና

በእኛ አገር ሰው ሁሉ ሐኪም የሚሆንባቸው ሁለት ሕመሞች አሉ፤ የጎረቤት ጉንፋንና የሰው መኪና። ኮፈኗን ከፍታ መንገድ ዳር የቆመች መኪና ያየ ሰው፣ ወደ ሠርግ ቢቸኩል እንኳ አንገቱን ሳያስገባ አያልፍም። «ባትሪ ነው» ይላል አንዱ። «ነዳጅ ጨርሳ ነው» ይላል ሌላው። መንዳት የማይችለው ደግሞ ከሁሉም በላይ እርግጠኛ ነው። እናንተም አድርጋችሁታል፤ እኔም አድርጌዋለሁ።

አባቴ ግን ከእነዚህ ወገን አይደለም። ዕድሜውን ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቶ አዳማ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። በዕድሜ ከእኔ የማታንስ አሮጌ መኪና አለችው፤ ጠዋት ጠዋት ያጥባታል፤ የምነዳት ግን እኔ ነኝ። ጆሮው ከድቶታላ። ይህን በቤታችን ጮክ ብሎ መናገር ክልክል ነው፤ ቀስ ብለው ከተናገሩት ደግሞ እሱ አይሰማም። በእሱ አባባል ጆሮው ደህና ነው፤ «የዛሬ ሰው መናገር ትቶ ማንሾካሾክ ጀመረ እንጂ።»

ታናሽ ወንድሙ አጎቴ ለማ ሁሩታ ነው የሚኖረው። አንድ ቀን አዳማ መናኸሪያ አባቴን አየውና «ጋሼ! ጋሼ!» እያለ ተጣራ። አባቴ ዞር ሳይል አለፈ። አጎቴ «በሰው ፊት ናቀኝ» ብሎ አዝኖ ተመለሰ። አባቴ ይህን ሲሰማ «ቢጠራኝ እሰማው ነበር፤ ውሸቱን ነው» አለ። በቃ፣ ተኮራረፉ። መስቀል አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ፤ ከአንድ መሶብ የበሉ ወንድማማቾች አንዱ የሌላውን ደጅ መርገጥ ተዉ። እኔ እውነቱን አውቃለሁ፤ አባቴ ግን «ደንቆሮ አስብለሽ ስሜን እንዳታጠፊ» ብሎ አስምሎኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ስንት ጊዜ በሆዴ ተረትኩት መሰላችሁ!

በመጨረሻ ሽማግሌዎች ገቡና አንድ እሑድ ሁሩታ ላይ ተቀጠርን። መኪናዋ አዳማ ሜዳው ላይ ደህና ነበረች። አዋሽን ተሻግረን የዴራን ዳገት ስንያያዘው ግን ጠባይዋ ተለወጠ። ነዳጅ ስሰጣት ትደነግጣለች፣ ትንተፋተፋለች፣ ከዚያ ጧ! አድርጋ ታስላለች። ሙቀቷ ወደ ላይ ወጣ። ዴራን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ጥጓን ይዛ ቆመች።

ወደ አጎቴ ቤት ደወልኩ። ባጃጅ ተከራይቶ ራሱ ከች አለ። «አካም ጅርታ፣ ልጄ!» ብሎ እኔን አገላብጦ ሳመኝ። አባቴን አላየውም። አባቴም ተራራ ማየት ጀመረ። ሽማግሌ ሳይነካው እርቅ የለማ!

ግን ሁለቱም የጭነት መኪና ላይ ያረጁ ናቸው፤ አንዱ ሾፌር፣ ሌላው ረዳቱ ሆነው አንድ ጋቢና ውስጥ ነው የጎለመሱት። የታመመ ሞተር ትተው የት ይሄዳሉ?

«ካንዴላውን ይፍታና ይይ በይው» አለኝ አጎቴ። ወደ አባቴ ጆሮ ጠጋ ብዬ አደረስኩ። አባቴ እሳት የሚተፋውን ካንዴላ ፈትቶ በፀሐይ አየው። ጫፉ እንደ አመድ ነጥቷል።

«ነዳጅ አንሷታል፣ ወይም አየር በዝቶባታል በይው» አለኝ አባቴ።

«የነዳጁን ፊልትሮ ይይ በይው» አለ አጎቴ።

ፊልትሮው ንጹሕ ነበር፤ ነዳጁም በደንብ ይመጣል። ስለዚህ አየር ከማይገባበት ቦታ እየገባ ነው ማለት ነው። አባቴ ካንዴላውን ሲመልስ ሞተሩን አስነሣሁ። አጎቴ ከባጃጁ ሾፌር ቁራጭ የጎማ ቱቦ ተቀበለ፤ አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ዙሪያ እያዞረ እንደ ሐኪም ያዳምጥ ጀመር። ነዳጅና አየር ከሚቀላቅለው ካርቡራተር በታች ሲደርስ ፊቱ በራ።

«ጋሼ! አገኘሁት! ትስስ ይላል!»

ኩርፊያውን ረስቶት ነበር። አባቴ ከሞተሩ ማዶ፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆኖ፣ በእርጋታ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል።

«ጋሼ!»

ጨርቁን አጠፈ።

አጎቴ ሦስተኛ አልጠራም። ወደ እኔ ዞረ። ዓይኔን ሰበርኩ። ፊቱ ላይ የሆነውን ልነግራችሁ አልችልም፤ ብቻ ስንት በዓል ያለፈው በምን ምክንያት እንደሆነ እዚያች አስፋልት ዳር ሲገባው አየሁ። ጎማውን አስቀመጠ፤ በመኪናዋ አፍንጫ ዞሮ ሄዶ የወንድሙን ትከሻ ነካ። እጁን ይዞ ትስስ ወደምትለው ቀጭን ቱቦ መራው። ጫፏ በሙቀት ተሰንጥቋል።

አባቴ ስንጥቁን በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ፣ ሌላ እጁን መኪናዋ ላይ አሳረፈ። ስትንቀጠቀጥ የነበረችው መኪና ረጋች። በመዳፉ ነው የሰማት።

«ይቺ ናት» አለ።

«ይቺ ናት» አለ አጎቴም፣ አፉን ወደ ጆሮው አስጠግቶ።

ሞተሩን አጠፋሁ። አጎቴ በኪሱ ቢላዋ የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆረጠ፤ አባቴ ቀሪውን መልሶ ጥብቅ አድርጎ ሰካው። ቀሪውን ዳገት እንደ ወይፈን ወጣችው። አጎቴ ባጃጁን አሰናብቶ ከእኛ ጋር ገብቶ ነበር። የሁለቱም እጅ አንድ ዓይነት ጥቁር ግራሶ ለብሷል።

ሽማግሌዎቹ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። ሰብሳቢው ሐጂ ሁሴን መርቀው ከፈቱና፣ በዳይ ማን እንደሆነ ጠየቁ። አባቴ ሳይሰማ አጎቴ ብድግ አለ።

«እኔ ነኝ። ያን ቀን የጠራሁት ቀስ ብዬ ነበር። በዚያ ሁሉ የመናኸሪያ ጫጫታ ማን ይሰማል? ያለ ጥፋቱ ነው የተቀየምኩት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አጎቴ ለማ በዕድሜው ቀስ ብሎ የተናገረበትን ቀን የሚያውቅ ሁሩታ ውስጥ የለም። ሐጂ ግን ፂማቸውን ዳበስ አደረጉ፤ «ይሁን፤ ያጋጥማል» አሉ። አጎቴም ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ።

አባቴ ሁሉን እንደሚከታተል ሰው በግርማ ተቀምጦ ነበር። ወደ እኔ ዘንበል አለ።

«ምን አለ?»

«ይቅር በለኝ አለህ፣ አባዬ።»

ቀና አለና ሽማግሌዎቹን ዞር ዞር ብሎ አያቸው።

«ታዲያ ምን ያንሾካሹካል? እንደ ወንድ ጮክ ብሎ አይልም?»

አጎቴ ለማ ጉሮሮውን ጠርጎ ደገመው። ሁሩታ ሙሉ ሰማ።