ሊቁ ጀዕፈርና የሰፈር ማለቅ

ሁሉን የሚያውቅ ሰው የሌለበት መንደር እስካሁን አልተቆረቆረም። የመጀመሪያው ጎጆ ገና ሳይቆም እሱ ቀድሞ ደርሶ "ምሰሶው እዚህ አይደለም" ይላል። በተወለድኩበት በቡለን ሦስት ነበሩ፤ እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም ነበር፤ ምክንያቱም አንዱ ለሌላው የሚነግረው አዲስ ነገር አልነበረም። እኔ ግን በርበሬ ልነግድ አሶሳ ወርጄ፣ በቀርከሃ አጥር ተዋስኜው የኖርኩት ጀዕፈር የሦስቱንም አፍ ያስይዛል። ሊቀ ሊቃውንት እለዋለሁ። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ የምጠራውም በሌለበት ነው።

ሊቁ ጀዕፈር የበርታ ሰው ነው፤ በክረምት ማሽላ ያርሳል፣ በበጋ ወርቅ ያጥባል። አማርኛውን ከገበያ ነው የለቀመው። ለእኔም፣ ለራሱም፣ ለአህያውም አንድ ዓይነት ግስ ይበቃዋል። እንዳልስቅበት የእኔን በርትኛ ስትሰማ ሚስቱ ኡምኩልሱም ፊቷን አዙራ ነው የምትስቀው። ምንም ይጠየቅ ምን መልሱ ሁለት ቃል ነው፦ "እኔ ያውቃል።" አባይን ተሻግሮ አያውቅም፤ ግን የእናቴ ቤት በር ወደየት እንደሚዞር አስተምሮኛል። አንድ ቀን ከጆንያዬ ቆንጥሮ ቀመሰና "ይሄ በርበሬ አይደለም" አለኝ። እኔ በርበሬ ውስጥ ያደግሁ ሰው ሁለት ቀን ሙሉ ተጠራጠርኩ።

እንግዲህ በ1911 ዓመተ ምሕረት ኅዳር ሲገባ፣ ከላይ አገር የወረዱ ነጋዴዎች ክፉ ወሬ ይዘው መጡ። ሰው አስነጥሶ ይተኛል፣ በሦስተኛው ቀን ይቀበራል አሉ። ስሙም የኅዳር በሽታ ነው። ይህን ስተረጉምለት ሊቁ አገጩን ይዞ አሰበ።

"ኅዳር ማን ነው?"

"ሰው አይደለም፤ ወር ነው" አልኩት።

ጣቱን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ ከዚያ ፊቱ በራ። "እኛ ጋ ኅዳር የለም" አለ። "እኛ ጋ ሰፈር ነው።"

በእስላሞች አቆጣጠር ያቺ ጨረቃ ሰፈር ትባላለች፤ ክፉ የሚወርድባት ወር ናት ብለውም ይፈሯታል። ይህን በኋላ ነው ያወቅሁት። ያን ጊዜ የማውቀው አንድ ሰፈር ብቻ ነበር፦ እኔና እሱ የምንኖርበት። ኅዳር እዚህ አይገባም፣ ይህ የራሳችን ሰፈር ነው ማለቱ ነው ብዬ አለፍኩት።

በማግሥቱ ገበያ ላይ የተደፋ ሙቀጫ ላይ ወጣ። ከደጋ የመጡት ክርስቲያን ነጋዴዎች መደንገጣቸውን አይቶ አዝኖላቸው ነው። በዚያ በአማርኛው አጽናናቸው። "አትፍሩ" አለ። "ሰፈር ያልቃል። ሰፈር ሲያልቅ በሽታው ያልቃል። እኔ ያውቃል።"

አሥራ አንድ ነበሩ። እርስ በርስ ተያዩና እኩለ ቀን ሳይሆን በቅሎ ጭነው ጠፉ። አንደኛው ራሱን በመላጨት ላይ ነበር፤ ግማሹን ይዞ ሄደ። ያላወቁ አለቁ ይባላል፤ እነዚህ ግን አውቀው ሊያልቁ አልፈለጉም። እኔም እከተላቸው ነበር፤ በቅሎዬ ግን ታነክሳለች።

"ምን ነካው?" አለኝ ጀዕፈር በአቧራው ውስጥ ቆሞ። "እኔ አጽናና።"

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ከአጥሩ ማዶ ያጽናናኝ ጀመር። "አይዞህ ያ ጃር" ይለኛል፤ አንተ ጎረቤት ማለት ነው፤ "ሰፈር ሊያልቅ ሃያ ቀን ቀረ።" በማግሥቱ አሥራ ዘጠኝ። ቤቶቹን ቆጠርኩ፤ አሥራ ስድስት ነን። በቀን አንድ ቤት ቢሄድ እንኳ ሂሳቡ አልገጥም አለኝ። በስተመጨረሻ ኡምኩልሱም ጭንቀቴ ገብቷት ምሽቱን ወደ ጨረቃዋ እየጠቆመች "ሰፈር፣ ሰፈር" ባትለኝ ኖሮ በሽታው ሳይደርስ በሐሳብ አልቅ ነበር።

ሊቁ በዚህ መሐል ሁለት አዋጅ አወጣ። አንደኛው፦ ደጅ ላይ አማርኛ መናገር ክልክል ነው። በሽታው ከላይ አገር ስለመጣ የሚሰማው አማርኛ ብቻ ነው፤ በበርትኛ ካወራን የት እንዳለን አያውቅም። እኔ በበርትኛ ጨው፣ አህያና ዋጋው ስንት ነው ማለት እችል ነበር። ዘጠኝ ቀን በእነዚህ ኖርኩ። ሁለተኛው አዋጅ የሰላምታ ነው። እዚህ አገር ሰላምታ እጅ ለእጅ ተያይዞ ረጅም ነው፤ የከብቱ ጤና እንኳ ሳይጠየቅ አይለቀቅም። ሊቁ ስምንት ክንድ ቀርከሃ ቆረጠና ሰላምታው አንዱን ጫፍ እሱ ሌላውን እኛ እየያዝን ላይ ታች ማናወጥ ሆነ። ገበያ ላይ ሁለት ሰው ሰላም ሲባባል ሦስተኛው ይመታል።

በሽታው ግን ቀርከሃውንም በርትኛውንም አልፎ ገባ። ወርቅ አጣቢው ሐምዳን ሰኞ አስነጠሰ፣ ሐሙስ ተቀበረ። ያን ቀን ጀዕፈር ስንት ቀን እንደቀረ አልነገረኝም። እኔ ዓርብ ተኛሁ።

እውነቱን ልናገር፤ የፈራሁት ሞቱን ብቻ አልነበረም። ቄስ የለም፣ የአገሬ ሰው የለም፣ አሥራ አንዱም ሄደዋል። ማን ይቀብረኛል፣ እንደ ውሻ ሜዳ ላይ እጣላለሁ ወይ የሚለው ነው ከትኩሳቱ ይበልጥ ያቃጠለኝ።

ሊቁ በራሱ አዋጅ መሠረት አልገባም። ቀርከሃ ለሁለት ሰንጥቆ እንደ አሸንዳ በግድግዳው አሳለፈና ቀጭን የማሽላ ገንፎ ከደጅ ያፈስልኝ ጀመር። ሁለት ቀን እየተጎተትኩ አፌን ደቀንኩ። በሦስተኛው ቀን መነሳት አቃተኝ፤ ገንፎው መሬት ላይ ፈሰሰ። "ጠጣ" ይላል ከደጅ፣ በበርትኛ። ከዚያ አሸንዳው ተነቅሎ ሲሰበር ሰማሁ፤ በሩም ተከፈተ።

ገባ። ራሴን ደረቱ ላይ አስደግፎ ጣቱን ከርከዴ በሚሉት ቀይ የአበባ ሻይ እያራሰ ከንፈሬን አበሰልኝ። ያቆሸሽኩትን አጠበ። የአማርኛውን አዋጅ ረስቶ ጆሮዬ ሥር ሲያወራ ዋለ፤ ስለ በቅሎዬ እግር፣ አይቶት ስለማያውቀው ስለ ቡለን። እናቴ ብቻ ነበረች እንዲህ ይዛኝ የምታውቀው። ሰዎች ከዚያ በሽታ ብዙ ተማርን ይላሉ። እኔ የተማርኩት ይህን ብቻ ነው፦ የሚረባ ነገር የማያውቅ ሰው በር ከፍቶ መግባት ካወቀ ይበቃል።

ሰፈር ያለቀች ዕለት በምርኩዝ ወጣሁ። ከአጥሩ ሥር፣ ከማንጎው ጥላ፣ የሰው ቁመት ያለው ጉድጓድ ተቆፍሮ አየሁ። ከታች ድንጋይ ተደርድሯል። ድንጋዩ ላይ የእኔ የበርበሬ ጆንያ ተቀምጧል፣ በቅጠል ተሸፍኖ።

ሊቁ እርሻ ወርዶ ነበር። ኡምኩልሱም እንዲገባኝ ቀስ እያለች በቋንቋዋ ነገረችኝ። ጉድጓዱ የእኔ ነው። ጀዕፈር፣ ጎረቤቴ ክርስቲያን ነውና በክርስቲያን ወግ መቀበር አለበት ብሎ፣ ወጉን ፍለጋ ከቤት ቤት ዞሯል። ይህ በዕድሜው መንገድ እንኳ ጠይቆ የማያውቅ ሰው፣ ጠፍቶት ሦስት ቀን በጫካ ያደረ እንጂ ያልጠየቀ ሰው፣ የአሶሳን ደጅ ሁሉ አንኳኩቶ "ክርስቲያን እንዴት ይቀበራል?" ብሏል። የሚያውቁትን እሱ ራሱ በስብከቱ አባሯቸዋል። እንጨት ሻጩ ማህጁብ ተቀምጦ ነው አለው። አንድ ጨው ጫኝ ከነኮርቻው ነው አለ። አሮጊቷ ጣሂራ ሰባት ቀን ይበላል አለችው፤ ማን እንደሚበላ ግን አታውቅም። ቸገረውና በመጨረሻ እኔኑ ጠየቀኝ። እኔ በትኩሳት ውስጥ ሆኜ "በርበሬውን እርጥበት እንዳይነካው" ብያለሁ። ኑዛዜ ነው ብሎ ፈጸመው።

ጀዕፈር ከእርሻው ሲመጣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት።

"አያ ጀዕፈር፣ ሰው ጠየቅህ አሉ" አልኩት።

ሌብነት እንደተወራበት ሰው ደነገጠ። ወደ ኡምኩልሱም አየ፤ እሷ ማሽላዋን ታበጥራለች።

"እኔ አልጠየቀም" አለ። "እነሱ ያውቃል ወይ ብሎ ፈተነ።"

"ታዲያ ማን አወቀ?"

ምርኩዜን ከእጄ ተቀብሎ ጎኔ ተቀመጠ፤ እግሮቻችንን ወደ መቃብሬ አንጠልጥለን።

"ማንም አላወቀም" አለኝ። "ስለዚህ አንተ መሞት አልቻለም።"

ሳቅሁ፣ ሳልሁ፣ አለቀስኩም። ሦስቱንም በሽታው ነው አልኩት፤ እሱም እንደሚያውቅ ነገረኝ።