የበግ ሌባው ዘር

በአውስትራሊያዋ ደሴት በታዝማኒያ ምድር በየቤተሰቡ አንዲት የዘር መርማሪ አትጠፋም። የእኛዋ የሩቅ አክስቴ ክብርት እትዬ ቬልማ ናቸው። የዘር ሐረግ የሚያርሙበትን ላጲሳቸውን ይዘው በር ሲያንኳኩ ሙታኖቻችን ሳይቀሩ ከመቃብራቸው ውስጥ ልብሳቸውን የሚያስተካክሉ ይመስለኛል።

በእናቴ ዘመን ግዞተኛ አያት ማለት የማይነሳ ነውር ነበር፤ ዛሬ የሚያፍረው የሌለው ነው። እኔም በግ ሰርቆ ከእንግሊዝ በመርከብ በተጋዘው የሩቅ አያቴ በሳይለስ ትራንተር ሃያ ዓመት ስጎርር ኖሬአለሁ። ጀልባዬን በስሙ ሰይሜአለሁ። ሰርግ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ታሪኩን እያወራሁ ሁለቱን በግ አርባ አድርሻለሁ።

እትዬ ቬልማ ግን ዋዛ አያውቁም። "ቀኑን ንገረኝ!" ነው የሚሉት። ጎረቤታችን አያቱ የመርከብ ካፒቴን እንደነበረ ቢያወራላቸው፣ በሳምንቱ መዝገብ አገላብጠው ካፒቴኑን የመርከቡ ወጥ ቤት አስገብተው ድንች አስላጡት። የወንድማቸውን ሚስት ከባላባት ዘር በላጲስ አሰናብተዋት እስካሁን አይነጋገሩም።

ባለፈው ቅዳሜ ለቤተሰቡ ስብሰባ የዘር ሐረጉን ላመጣ ቤታቸው ሄድኩ። ሻይ ሊያፈሉ ሲገቡ እጄ አላርፍ አለና ፋይላቸውን ገለጥኩ። በእጃቸው የተጻፈ አንድ ወረቀት አገኘሁ፦ "አቤል ሲወለድ ሳይለስ ፖርት አርተር ወህኒ ቤት ከታሰረ ሁለት ዓመት ሞልቶታል። አቤል የሳይለስ ልጅ አይደለም።"

አቤል ምንጅላቴ ነው። እትዬ ቬልማ ከሳይለስ የመጀመሪያ ሚስት ይወለዳሉ፣ እኔ ከሁለተኛዋ፤ የሚያዛምደን ሳይለስ ብቻ ነበር። በአንድ ቅጠል ወረቀት ሌባዬንም አክስቴንም አጣሁ። ለሌባው ያን ያህል አላዘንኩም። አክስቴን ግን ማጣት አልፈለግኩም።

ደግሞ በላዩ እንዳለው ቀን ወረቀቱ ከተጻፈ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ለወንድማቸው ሚስት ያልራሩት ሴትዮ ይህን ሁሉ ዘመን ስሜን በላጲስ ሳይነኩት ኖረዋል።

የስኒ ኮሽታ ስሰማ ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ሻዩን ጠጥተን ስንሰነባበት እትዬ ቬልማ ኪሴን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

"አየሁህ እኮ።"

"ምኑን እትዬ?"

"ዝም በል አንተ! ሻይ አፍልቼ እያጠጣሁህ ንብረቴን ሞጭልፈህ ስትወጣ፣ የሳይለስ ዘር አይደለሁም ልትለኝ ነው?"