በሕፃን አልጋው ሆኖ የዘመተው ዴልበርት

በየትኛውም የአሜሪካ ትንሽ ከተማ ብትሄዱ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲካሄድ ጋደም ብሎ ጡጦውን ሲጠባ የነበረ፣ ዛሬ ግን ጦርነቱን ከጄኔራሎቹ በላይ የሚያስታውስ አንድ ሰው አታጡም። ሁለት ካሏችሁ እግዜር ያጥናችሁ። በእኛዋ ሜርዴል፣ አዮዋ፣ ሕዝባችን ዘጠኝ መቶ ሳይሞላ ዴልበርት ቮግል ደርሶናል፤ እሱ ብቻውን ለሦስት ከተማ ይበቃል።

የምናደደው እኔም የዚያው ጦርነት ልጅ ስለሆንኩ ነው። የተወለድኩት ጦርነት መግባታችን በራዲዮ በተነገረ ልክ በዘጠነኛው ወር ነው፤ ስለ አጋጣሚው እናቴን ጠይቄያት አላውቅም። ዴልበርት በሰባት ወር ይከተለኛል። ጦርነቱ ሲያበቃ እኔ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር፣ እሱ ደግሞ ሁለት ዓመት ከአራት ወሩ። ከዚያ ዘመን የማስታውሰው ነገር የለኝም። ምንም። የለኝም ማለት ነውር አይደለም። ክቡር ሊቀ ትዝታ ዴልበርት ግን ወተት አመላላሹ የትኛውን ፈረስ ጠምዶ እንደመጣ ሳይቀር ይነግራችኋል። “እንደ ዛሬ ጠዋት ትዝ ይለኛል” ይላል፣ ዛሬ ጠዋት መነጽሩን የት እንዳስቀመጠ የማያውቀው ሰውዬ።

በጦርነቱ ጊዜ ስኳሩም ሥጋውም ጫማውም በራሽን ነበር፤ ለሕፃን ሳይቀር በስሙ የራሽን ደብተር ይወጣለት ነበር። የዴልበርት ደብተር እስከ ዛሬ አለ። በላስቲክ አሽጎ በደረት ኪሱ ይዞት ይዞራል። ዕድሜ፣ አምስት ወር። ክብደት፣ ዐሥራ ስድስት ፓውንድ። “ሥራ” በሚለው መስመር ላይ እናቱ “ሕፃን” ብላ ሞልታለታለች። ይህን ደብተር ቁርስ ቤት ያሳያል፣ ቀብር ላይ ያሳያል፣ ጥርስ ሐኪሙ ጋ አፉ ተከፍቶ እንኳ በእጁ ዘርግቶ ያሳያል። “ስኳሬን ለአገሬ ሰጥቻለሁ” ይላል አፉን ሞልቶ። አንዲት ጥርስ ያልነበረው ፍጥረት ለአገሩ ሲል ስለቀረበት ጥብስ ሲያወራ እየሰማችሁ፣ ድንችና እንቁላላችሁን በሰላም ብሉ እስኪ።

ይህ ትንሹ ነው። በጦርነቱ መጨረሻ ግድም የገጠር ተማሪዎች በየመንገዱ ዳር ከሚበቅል አረም ፍሬ ውስጥ ጥጥ የመሰለውን ነገር በከረጢት ይለቅሙ ነበር፤ ለመርከበኞች የመንሳፈፊያ ሰደርያ መሙያ ይሆናል ተብሎ። እውነት ነው፣ የአክስቴ ልጆች ለቅመዋል። ዴልበርት ግን “ለቅመናል” ነው የሚለው። በዚያ መኸር አንድ ዓመት ተኩሉ ነበር። ለቀመ ከተባለም ወደ አፉ ከትቶት ይሆናል እንጂ ወደ ከረጢት አልገባም።

አምና ደግሞ ጭራሽ ሚስተር ኦስትራንደርን ገጠመ። ሚስተር ኦስትራንደር ዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ በእውነተኛ መርከብ ላይ ሆነው እውነተኛ ጦርነት የተዋጉ ሰው ናቸው። ቁርስ ቤት ተቀምጠው ጦርነቱ ያበቃ ዕለት ዝናብ እንደነበር ቢያነሡ፣ ዴልበርት ከሩቅ ጠረጴዛ ተነሥቶ መጣና ፀሐይ ነበር አላቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ገመዱ እስኪበጠስ ሲደወል እሱ ላቡን እየጠረገ ያይ ነበር። ሽማግሌው በትሕትና እሳቸው የሚያወሩት ስለ ፓሲፊክ ውቅያኖስ መሆኑን አስረዱት። “እንግዲያው እዚህ ካልነበሩ አይከራከሩኝ” አላቸው። ዓይኑን በጨው አጥቦ! ሰውየው ሳቁ እንጂ እኔ ብሆን ቡናዬን ነበር የምደፋበት።

እውነቱን ለመናገር አባቱ አልተመለሰም። ዴልበርት ሳይወለድ ዘምቶ ፈረንሳይ ውስጥ ወድቆ ቀረ፤ አንዱ የሌላውን መልክ ሳያይ። ይህን የማያውቅ የሜርዴል ሰው የለም፤ ስለዚህም ሁሉም ይታገሠዋል። አርባ ዓመት የእህል ጎተራው ሚዛን ላይ ሲሠራ፣ በቆሎ ጭኖ የመጣ ገበሬ ሁሉ ተራውን እስኪያገኝ ቁጭ ብሎ ሰምቶታል። እኔ ግን ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ሐዘን ለውሸት ፈቃድ አይሆንም ባይ ነኝ።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት የከተማችን ቤተ መጻሕፍት በጦርነቱ ዓመታት የተወለድን ሰዎች የሕይወት ታሪክ በመጽሐፍ ላውጣ ብሎ ተነሣ። የቀረነው ዐሥራ አንድ ነን። አዘጋጅ አደረጉኝ። እኔም አንድ ሕግ አወጣሁ፤ ራስህ ያልነበርክበትን አትጻፍ። ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት እየተሰበሰብን ሁለት ሁለት ገጽ እናነብ ጀመር።

ሕጉ ከሁሉ በፊት የመታው እኔኑ ነው። ስለ አባቴ ለመጻፍ ብቀመጥ አራት መስመር ወጣኝ። ዘመተ። ተመለሰ። ዋናው መንገድ ላይ ፀጉር ቤት ከፍቶ ሠላሳ ዓመት የከተማውን ወንድ ሁሉ ፀጉር ቆረጠ። ሞተ። ስለ ጦርነቱ አንዲት ቃል ተናግሮኝ አያውቅም፤ ስለ ሌላውም ቢሆን ብዙ አልተናገረኝም። ሃያ ዓመት አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠን፣ ይወደኝ እንደነበር ብትጠይቁኝ እንኳ ምዬ ልመልስላችሁ አልችልም። ወረቀቱን በየቀኑ እያወጣሁ አየዋለሁ፣ መልሼ እከተዋለሁ። መጽሐፉ በመጋቢት መጨረሻ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው፤ አባቴም በአራት መስመር ዳግመኛ ሊቀበር ነው።

በዚያው ሳምንት ዴልበርት ስድሳ ሁለት ገጽ ይዞ መጣ።

ስድሳ ሁለት! ሦስቱን አንብቤ ደሜ ፈላ። ሁሉም “እንደ ዛሬ ጠዋት ትዝ ይለኛል” ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ሁሉም ከጦርነት ስለተመለሱ ሰዎች ነው። ማን በየትኛው ባቡር እንደመጣ፣ ማን አልጋ ላይ መተኛት አቅቶት መሬት ላይ እንደከረመ፣ ማን ሥጋ ሲጠበስ ሸትቶት ወደ ደጅ እንደሮጠ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ፤ ይህኛው ከነማስቀመጫው ነው አንሥቶ የወሰደው። እኔ የገዛ አባቴን አራት መስመር አጥቼ፣ አባት ያላየው ሰው የከተማውን አባት ሁሉ ሰብስቦ ይጽፋል! ስልክ ደወልኩለት። ሐሙስ አንዱን ታሪክ ያንብብ፣ በሁሉም ፊት እጠይቀዋለሁ፣ ነበርኩበት ብሎ ማስረዳት ካቃተው ስድሳ ሁለቱም ገጽ ይወጣል። “እሺ የኔ እመቤት” አለኝ፤ ቅር እንኳ አላለውም።

ሐሙስ ዕለት ሸሚዙን ተኩሶ መጣ። ቆሞ አነበበ።

አንድ ወታደር የገና በዓል ሊከበር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከባቡር ወረደ፤ ይላል ታሪኩ። ቤቱ ሲገባ የሦስት ዓመት ሴት ልጁ ጠረጴዛ ሥር ገብታ፣ ይህን ሰውዬ ወደ ቤትህ ሂድ በይው አለቻት እናቷን። ሰውየው አልተቆጣም። ሻንጣውን አንሥቶ ወጣና ወንድሙ ቤት አደረ። በማግስቱ ጠዋት ተላጭቶ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ የገዛ ቤቱን በር አንኳኳ። ልጅቷ ስትመጣ፣ መግባት ይፈቀድልኝ እንደሆነ ብሎ ጠየቃት። አይፈቀድም አለችው። አመስግኖ ሄደ። በማግስቱም መጣ። በገና ዕለትም መጣ፣ በበረዶም መጣ፤ ዐሥራ አንድ ቀን ተመላለሰ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ልጅቷ፣ እሺ ግባ፣ ግን ቁጭ እንዳትል አለችው። ምሳውን ቆሞ በላ።

ሁለት ሴቶች መሐረብ አወጡ። እኔ ግን ይህን ስጠብቅ ነው የሰነበትኩት፣ ተነሣሁ። በዚያ ገና እሱ ሁለት ዓመት ከስምንት ወሩ እንደነበር አስልቼ ነገርኳቸው። ከዚያ ወደሱ ዞርኩ።

“በል ንገረና። ማን ቤት ገብተህ ነው ይህን ያየኸው?”

“አላየሁትም” አለ ዴልበርት። “ሰምቼ ነው። የተደረገው አንቺ ቤት ነው።”

ለጊዜው አልገባኝም። ከዚያ የአባቴ ማንኳኳት መጣብኝ። አባቴ እስኪሞት ድረስ የገዛ ቤቱን በር ሳያንኳኳ ገብቶ አያውቅም ነበር። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እያለ፣ በሩ ገርበብ ብሎ ተከፍቶ እያለ ያንኳኳል፤ ግባ እስኪባል ደጅ ይቆማል። ጎረቤት ይስቅበት ነበር። እኔም በዐሥራ አምስት ዓመቴ ጓደኞቼ ፊት አፍሬበት፣ ምን ሆነሃል፣ ክፍት ነው እኮ ብዬ የጮህኩበት ቀን አለ። ያኔም ግባ እስክለው ነው የቆመው።

“አባቴ ለማንም ተናግሮ አያውቅም” አልኩ።

“ማን ጠየቀው?” አለ ዴልበርት።

ማንም አልጠየቀውም። አባቱ በተመለሰበት ቤት ሁሉ ሕጉ አንድ ነበር። ቤታችን ውስጥ እናቴ እንደ ማዕድ ጸሎት ትደጋግመው ነበር፤ አባታችሁን ስለ ጦርነቱ እንዳትጠይቁት። እኛም ጨዋ ልጆች ነበርን፣ አልጠየቅንም። ጦርነቱን እንዳትጠይቁ ሲሉን ሰውየውን ራሱን መጠየቅ ተውን። ዴልበርት ቤት ግን እንዲህ የሚጠበቅለት አባት አልነበረም፤ ስለዚህ ሕጉን ያስተማረው የለም። ፀጉሩን ሲቆረጥ አባቴን ጠየቀ። እኛ ሴቶቹ ፀጉር ቤቱ ውስጥ አንገባም ነበር፤ ምሳውን እንኳ በመስኮት ነበር የምናቀብለው። ሚዛኑ ላይ ሲሠራ ደግሞ ገበሬዎቹን ጠየቀ። በዚያ ክፍል ከተቀመጥነው የአብዛኞቻችንን አባት ጠይቆ ነበር፤ በየተራ ዓይናችን ወደሱ ሲዞር አየሁ።

“የኔ አባት ምን ገጥሞት ይሆን ብዬ ነበር የምጠይቃቸው” አለ። “እነሱ የየራሳቸውን ነገሩኝ። ታዲያ ልጣለው?”

ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ተቆጣሁ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ይህን ይዘህ እንዴት አልነገርከኝም ብዬ ጮህኩበት፤ አንድ ቀን አፉን ዘግቶ የማያውቀውን ሰው።

“ቁርስ ቤት ውስጥ መቶ ጊዜ ጀምሬዋለሁ፣ ማርሊስ” አለኝ ረጋ ብሎ። “‘ትዝ ይለኛል’ ስል ነው ሒሳብ ከፍለሽ የምትነሺው።”

እውነቱን ነው። የምነሣው እኔ ነኝ። እንግዲህ በሰማንያ ሁለት ዓመቴ፣ በዘጠኝ ሰው ፊት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የተከለከልኩትን ጥያቄ ጠየቅሁ። አባቴ ሌላ ምን እንዳለው ጠየቅሁት። ዴልበርት ተቀመጠ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ እናም የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ መዝጊያ ሰዓት ነው እስክትለን አወራኝ።

ሕጌን ሰረዝኩት። መጽሐፉም ማተሚያ ቤት ሳይገባ ሦስት ወር ዘገየ፤ ሁሉም ሰው ስለ አባቱ ሊጠይቀው ወረፋ ይዞ ነበር። የኔ አራት መስመር ዘጠኝ ገጽ ሆነ።

ተለወጠ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ባለፈው ማክሰኞ ዐሥራ አንዱን ቀን ዐሥራ አራት ሲያደርገው በጆሮዬ ሰምቼ እዚያው አርሜዋለሁ። ያን የራሽን ደብተር አሁንም ሰው አፍንጫ ሥር ይዘረጋል፤ አሁንም ያናድደኛል። ልቡ ደክሟል ብለው ሐኪሞች ደረቱ ውስጥ ባትሪ አስገብተውለታል፣ እሱ ግን ድንቹ ላይ ጨው ሲነሰንስ ታዩታላችሁ። ብልቃጡን ከእጁ እነጥቀዋለሁ። ሐኪም ቤት በቀጠሮው ቀን እኔ ራሴ ነኝ በመኪናዬ የምወስደው፤ ደረጃ ሲወጣ እየተቆጣሁ ክንዱን እይዛለሁ። ለሱ አዝኜ እንዳይመስላችሁ። አባቴ እሱ ጋ ነው ያለው፤ ገና ግማሹን እንኳ አልነገረኝም።