የሴንትራሉ ቀሚስ

ሐበሻ የሚወደውን ነገር ራቁቱን አያስቀምጥም! ካላመናችሁኝ የዘመዶቻችሁን ሳሎን አስታውሱ። ሬዲዮኑ ጥልፍ ለብሷል፣ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ተከናንቧል፣ ሶፋው ደግሞ ከነፕላስቲኩ ነው። ታዲያ እኔ ለሥራ ቤይሩት ሄድኩ ተብሎ አመሌን ኤርፖርት ጥዬው ልግባ?

ማዳሜ ከቤይሩት ከፍ ብሎ ባዕብዳ ያለውን የቤቷን ስልክ ቆልፋ፣ ቁልፉን ጉያዋ ውስጥ ይዛ ነው የምትዞረው። ባሏ ሚስተር ግን፣ ዕድሜ ይስጠው፣ ከተማው ውስጥ መዝረዓ ያለውን ቢሮውን እንዳጸዳ ጠዋት ጠዋት ይዞኝ ሲወርድ፣ «እናትሽ ቢሮ ትደውልልሽ» አለኝ። በደብዳቤ ተቀጣጠርን፤ ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት። ድምፅዋን ከሰማሁ ሁለት ዓመቴ ነው! እሷ ደግሞ ስልክ ቤት ያለበት ከተማ ለመድረስ አንድ ቀን ሙሉ በጭነት መኪና ትጓዛለች።

የቢሮው ስልክ ሁሉ የሚያልፈው በአንድ የብረት ሣጥን ውስጥ ነው። ሴንትራል ይሉታል። የእናቴ ድምፅ የሚመጣበት ሣጥን አቧራ ጠጥቶ ይቆማል እንዴ? እሑድ በእረፍቴ ቁጭ ብዬ ጥልፌን ጨረስኩለት። ከውስጥ ወፍራም ገበር አለው፣ ርዝመቱ እስከ እግሩ... ቀሚስ በሉት። ሰኞ ጠዋት አለበስኩት። እንዴት እንዳማረበት!

ከምሳ በፊት የቢሮው ስልክ ሁሉ ጸጥ አለ።

መሐንዲስ ተጠራ። ስሙ ኤሊ ነው። አትሳቁ፣ እነሱ አገር ደህና ስም ነው፤ አረማመዱ ግን የእኛን አገር ትርጉም ያስታውስ ነበር። እንግዳ መጣ ሲባል ቶሎ ብዬ ቀሚሱን አወለቅሁ። ያ ሁሉ ጥልፍ በቅባታም እጅ ይነካ?

ኤሊ ሁለት ሲጋራ አጨሰና ሣጥኑን ከፈተ።

«እዚህ ውስጥ የተሰኩት ካርዶች ሁሉ የሚነጋገሩበት አንድ መንገድ አለ፣ ባስ ይባላል» አለኝ። «አንዱ ካርድ ካበደ መንገዱን ይዘጋና ሁሉም ዝም ይላል።»

ገባኝ! የእኛ ቤተ ዘመድ በሉት፤ አንዲት አክስት ካኮረፈች ሠርጉ በሙሉ ያኮርፋል። ኤሊ ካርዶቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ሞከረ፣ መልሶ ሰካ። መብራቱ አረንጓዴ!

«ማፊ ሺ! ምንም የለበትም» ብሎ ሄደ። እኔም ቀሚሱን መለስኩለት። ከሰዓት በኋላ... ጸጥ!

ማክሰኞ መጣ፤ አወለቅሁ። አንድ ካርድ በአዲስ ለወጠ፣ ሠራ፣ ሄደ። አለበስኩት፤ ሞተ። ረቡዕም እንደዚያው። ኤሊ ፀጉሩን ሲነጭ፣ እኔ በበኩሌ ጥልፉ ስላማረ ቡዳ በልቶት ይሆናል ብዬ ጠርጥሬአለሁ። በመጨረሻ ሚስተር ገነፈለ።

«ኸላስ! በቃ! ነገ ጠዋት ነቅለህ ውሰድልኝ! አዲስ እስኪመጣ ያለ ስልክ እንሠራለን።»

ነገ እኮ ሐሙስ ነው! እናቴ ተነስታለች፣ መንገድ ላይ ናት፤ በየት በኩል ልመልሳት?

ሐሙስ ጠዋት የቢሮው ማዕድ ቤት ገብቼ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ኤሊ ሲገባም አልሰማሁ። ስለዚህ ሴንትራሉ ከነቀሚሱ ተቀበለው።

«ሹ ሃዳ? ምንድን ነው ይሄ?» የሚል ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። ሣጥኑን ነክቶ ኖሮ እጁን ያራግባል።

«ቀሚሱ ነው፣ ሚስተር ኤሊ።»

«ሁልጊዜ ይለብሳል?»

«አንተ ስትመጣ አወልቅለታለሁ... ያኒ፣ ማለቴ እንዳይቆሽሽ።»

ኤሊ ወለሉ ላይ ዘጭ አለ። ይሳቅ ያልቅስ እንጃ። «ካርዶቹ ያበዱት በሙቀት ነው እኮ! ሦስት ቀን ሙሉ...»

«ይነቀላል እንግዲህ?» አልኩት፤ እንባዬ ይወርዳል። «እናቴ በአራት ሰዓት ትደውላለች።»

ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየኝ። «ያላ፣ ማራገቢያ አምጪ!»

ሣጥኑን ከፍተን ነፋስ ለቀቅንበት። ቀዩ መብራት አረንጓዴ ሆነ። ሚስተር ሲገባ ኤሊ «አየር አጥሮት ነው፣ ድኗል» አለው እንጂ አላሳጣኝም። ልጅ ይውጣለት!

አራት ሰዓት ከሩብ ሲል ስልኩ ጮኸ!

«ልጄ?»

«እማዬ! እማዬ እኔ ነኝ...»

«ድምፅሽ ወፍሯል።»

«እ?»

«ጎርነን ብሏል። እየበላሽ ነው ማለት ነው፣ ተመስገን! እኔ ይህንኑ ላጣራ ነው የመጣሁት። በሉ እንኩ ስልካችሁን!» አለቻቸው የስልክ ቤቱን ሰዎች።

ተዘጋ።

ያን ሁሉ መንገድ መጥታ ግማሽ ደቂቃ! ድምፄ የጎረነነው ሳለቅስ አርፍጄ ነው ብዬ ብጽፍላት ምን ይጠቅማታል? «አዎ እማዬ፣ በደንብ እየበላሁ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

መልሷ ወር ሳይሞላ ደረሰ፦ «ልጄ፣ እንግዲያው ምግቡን ቀነስ አድርጊው፤ ድምፅሽ የወንድ ሆኗል።»